ከዱባይ በሦስት ጃኬት

ባለፈው ቅዳሜ ጫማ ልገዛ መርካቶ ሄጄ ነበር። የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ገና ከአየር ማረፊያ የደረሰ ትልቅ ሻንጣ መሬት ላይ አጋድማ ዚፑን ስትከፍት ደረስኩ። ሽታው አፍንጫዬ ላይ ተለጠፈ። አዲስ ላስቲክ፣ የጫማ ማስቲሽ፣ መንገድ ላይ የፈሰሰ ሽቶ። ሴትየዋ ስንት ቁጥር እንደማደርግ ስትጠይቀኝ እኔ ዓይኔን ከሻንጣው አልነቀልኩም። ቀንቼ ነበር። እዚያ ሱቅ ውስጥ የምቀናበት ሰው አልነበረም። ይህ ሽታ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል፤ ያን ክረምት ይዞብኝ ይመጣል፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ከመቅናት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

የምቀናባት ልጅ ረሂማ ትባላለች። የአክስቴ የዘይነባ ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። እነሱ በእንጨት ደረጃ የሚወጣበትን ፎቅ ይዘዋል፤ እኛ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል። አክስቴ የሴት ልብስና ጫማ ታመጣ ነበር። በኮንቴይነር ከሚያስመጡት ከበርቴዎች አይደለችም፤ ራሷ ሄዳ፣ ራሷ መርጣ ገዝታ፣ በሻንጣ ይዛ የምትመለስ ነጋዴ ናት። እናቴ የአክስቴ ታናሽ እህት ስትሆን ከአትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣች በራችን ላይ ትቸረችር ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ረሂማ ዱባይ ትሄዳለች፤ እኔ አትክልት ተራ እሄዳለሁ። እናቴ ማለዳ ትቀሰቅሰኝና ዘንቢል አሸክማ ታስከትለኛለች። የጭነት መኪኖቹ ጭቃው ውስጥ ተሰድረው ይቆማሉ፤ የተረገጠ የጎመን ቅጠል ከጫማዬ ሥር ይንሸራተታል፤ የበሰበሰ ቲማቲም ሽታ እስከ ማታ ፀጉሬ ውስጥ ይቆያል። እናቴ ከአከፋፋዮቹ ጋር ስትከራከር እኔ ዘንቢሉን ይዤ ቆሜ፣ ረሂማ አሁን ምን እያየች ይሆን እያልኩ እበግናለሁ።

ረሂማ ስትመለስ የግቢያችን ልጆች በሙሉ ደረጃው ሥር ይሰበሰባሉ። እሷ ከላይ ትቀመጣለች። ከእኛ እኩል መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስለ ውጭ አገር ስታወራ አይቻት አላውቅም። ያየቻቸውን አገሮች እንደ ክፍል ተማሪ በደረጃ ታስቀምጣቸው ነበር። ዱባይ አንደኛ፣ ቱርክ ሁለተኛ፣ ቻይና መጨረሻ። ዱባይ አንደኛ የወጣችው በሊፍቷ ነው፤ ሆቴሉ ውስጥ ሊፍት ከገባሽ ጆሮሽ እስኪደፈን ድረስ ትወጫለሽ ትላለች። ቱርክ ባሕር አላት፣ ድመቶቿ ወፋፍራም ናቸው፣ ዳቦዋ ላይ ሰሊጥ አለ። ቻይና ግን ዝናቡ ሳይቀር ይሞቃል፤ ምግቡንም እናቷ እንዳትነካው ስላለቻት ከቤት በያዙት በሶና ብስኩት ነው የሰነበቱት።

እኔ አንዱንም አገር ሳላይ ቱርክን ደገፍኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ እሷ ዱባይን ስላለች ነው። ባሕር ያለው አገር እንዴት በሊፍት ይበለጣል ብዬ ድርቅ አልኩ። ረሂማ ከላይ ቁልቁል አየችኝና «ባሕር አንቺ የት አየሽው?» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። ደግሞ በጣም ነው የሳቁት። እኔም አብሬያቸው ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከዱባይ ስትመለስ የሆነውንም አልረሳውም። ከታክሲው ስትወርድ ሦስት ጃኬት ደራርባ ለብሳ ነበር። እጆቿ ወደ ጎን ተገትረው አልታጠፍ ብለዋል፤ ግንባሯ በላብ ወርዝቷል። አክስቴ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠን ጃኬቶቹን አንድ በአንድ አወለቀችላትና አጣጥፋ ወደ ፎቅ ወጣች። እኔ ወዲያው የገባኝ ነገር ዱባይ ብርድ መሆኑ ነው። እንደ ዱባይ ያለ ብርድ በዓለም እንደሌለ ለክፍላችን ልጆች ሁሉ አወራሁ። የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተማሪያችን ያ አገር በረሃ ነው ሲሉም አላመንኳቸውም። እሳቸው መጽሐፍ አንብበው ነው፤ እኔ ግን የአክስቴን ልጅ በሦስት ጃኬት ስትመጣ አይቻታለሁ።

በዚያ ቀን ረሂማ ከሆቴሉ ያመጣችውን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ሳሙና ሰጠችኝ። አልታጠብኩበትም። ከልብሶቼ መሀል አስቀምጬ ማታ ማታ እያወጣሁ አሸተው ነበር። ሳሸተው ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ እናደዳለሁ፤ ለእሷ የተረፈ ነገር ነውና የተሰጠኝ።

እሷ በሌለችበት ክረምት ሁሉ ከግቢያችን ፊት ለፊት ካለው የገበያ ሕንፃ የኋላ ደረጃ ላይ እወጣ ነበር። ጥበቃው ካላየኝ እስከ ላይኛው ፎቅ እደርሳለሁ። አውሮፕላን ልጠብቅ ነው። ያለፈው አውሮፕላን በሙሉ ረሂማን የያዘ ይመስለኛል። አንገቴ ሲዝል ቁልቁል አያለሁ፤ ታች ያለው ግን ነጋዴው ለዝናቡ በየመደቡ ላይ የወጠረው ሰማያዊ ሸራ ብቻ ነው። ሸራ ደግሞ ምኑ ይታያል ብዬ እወርዳለሁ።

አክስቴ ሁልጊዜ ረሂማን ለምን እንደምትወስድ ብዙ አስቤበታለሁ። ልጇ ስለሆነች ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን እንደዚያ ከሆነ ለኔ ተስፋ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈለግኩላት። ረሂማና እኔ አንድ ክፍል ነበር የምንማረው፤ እሷ ከክፍሉ ሁለተኛ ሦስተኛ ትወጣለች፤ እኔ መሀል ላይ ነኝ። ሚስጥሩ ደረጃው ነው ብዬ ደመደምኩ። ያን ዓመት አጠናሁ። በሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እናቴ መብራት አጥፊ እስክትለኝ፣ ገባኝም አልገባኝም አጠናሁ። አምስተኛ ክፍል ሲያልቅ እኔ ሦስተኛ ወጣሁ፤ ረሂማ ዘጠነኛ።

ካርዴን ይዤ በቀጥታ አክስቴ ጋ ወጣሁ። አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ የተደባለቀ ጫማ ጥንድ ጥንዱን ታገናኛለች፤ እናቴም እያገዘቻት ነበር። ረሂማ መስኮቱ ጋ ናት። አክስቴ ካርዱን ተቀብላ ገረፍ አድርጋ አየችውና ማሻአላህ ሃያት፣ ጎበዝ አለችኝ። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። እኔ አልሄድኩም። ምን ፈለግሽ ስትለኝ፣ ዘንድሮ ዱባይ የምሄደው እኔ መሆኔን እንድትነግረኝ ነው የምጠብቀው አልኳት። እናቴ በኀፍረት አንገቷን ደፋች። አክስቴ ግን አልተቆጣችም።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የምወስደው ደረጃ አይደለም፤ ኪሎ ነው» አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። አስራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትኬቱ ይረክሳል፤ የሚፈቀድለት ሻንጣ ግን እንደ ትልቅ ሰው ነው። መርካቶ ውስጥ ይህን የማታውቅ ነጋዴ የለችም። በክረምት ወደ ዱባይ የሚሄደው አውሮፕላን በልጆች የሚሞላው ለዚህ ነው። ረሂማ ደግሞ በዚህ ሰኔ አስራ ሁለት ሞላት።

«እሷ እንግዲህ ትኬቷ ሙሉ ሆነ» አለች አክስቴ፣ አንዲት ነጠላ ጫማ እያገላበጠች። «አንቺ ገና አስራ አንድ ነሽ። ደረጃም ባትወጪ ዘንድሮ ያንቺ ተራ ነበር።»

ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋው ይሆናል። እኔ ምንም አልከፋኝም። ኪሎም በሉኝ፣ ጆንያም በሉኝ፣ ዋናው መሄዱ ነው። ወደ ረሂማ ዞሬ አየኋት። እሷ መስኮቱን እያየች ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናግርሽ አለችኝ። በደረጃው ስትወርድ ታልፈኛለች፤ ሰላም ስላት ወደ ሌላ ታያለች። ኩራት ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስት አገር ያየ ሰው አንዱንም ካላየ ሰው ጋር ምን ያወራል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የኔ ነበሩ። እናቴ ሲኒማ ራስ ጋ ካለ ፎቶ ቤት ወሰደችኝ፤ ፎቶ አንሺው አትሳቂ አለኝ፤ ከንፈሬን በግድ ገጥሜ እንኳ ፎቶው ላይ እየሳቅኩ ነው የወጣሁት። ለአከፋፋዮቹ፣ ለተሸካሚዎቹ፣ ለጫማ ጠራጊዎቹ ሁሉ ዱባይ ልሄድ ነው ብዬ ነገርኩ። አንድ ጫማ ጠራጊ እዚያ ጫማ የሚጠርግ ሰው እንዳለ አይተሽ ንገሪኝ አለኝ፤ እሺ ብዬ ቃል ገባሁ። ሊፍት እንዳያስደነግጠኝ ደግሞ ልምምድ ጀመርኩ። ፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ ሊፍት ወጣ ወረድ ስል ጥበቃው ያዘኝና ምን ልትገዢ ነው አለኝ። ምንም አልገዛም፣ ልምምድ ላይ ነኝ አልኩት። ጆሮዬን ይዞ በር ላይ አደረሰኝ።

የሚገርመኝ የእናቴ ነገር ነበር። እንደኔ አልተደሰተችም። አክስቴ የልደት ካርዷን አምጪልኝ፣ ለፓስፖርቱ ያስፈልጋል ስትላት፣ እፈልገዋለሁ ትላለች። በማግስቱ ስትጠይቃት የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ ትላለች። ከዚያ ቶሎ ብላ ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች። ማታ ስለ ዱባይ ሳወራት ተኚ ትለኛለች። እናቴም የቀናችብኝ መሰለኝ። ሆዴ አዘነላት፤ ስመለስ ሳሙና አመጣላታለሁ ብዬ አሰብኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አክስቴ ራሷ እኛ ክፍል መጣች። ፓስፖርቱ አሁኑኑ ካልተጀመረ ለጉዞው አይደርስም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ለካርዱ ዘረጋች። እናቴ የምትልጠውን ነጭ ሽንኩርት አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ ቆየች።

«እትዬ፣ ሃያት በካርዱ አስራ ሁለት ሞልቷታል።»

«እንዴት ሞላት? ስትወለድ እኔ አልነበርኩም እንዴ? ከረሂማ በዓመት ታንሳለች።»

«ጨምሬላት ነው» አለች እናቴ። «ያኔ፣ ለትምህርት ቤቱ።»

ታሪኩን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ረሂማ አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት እኔ ዕድሜዬ አልደረሰም ነበር። በየጠዋቱ ቦርሳዋን ይዤ አልለቅም እል ነበር አሉ። እስከ ትምህርት ቤቱ በር እየጮህኩ እከተላታለሁ፤ በሩ ሲዘጋብኝ መሬት ላይ እንከባለላለሁ። ለምን እሷ ብቻ እያልኩ። ሰባተኛ በሙሉ ጉድ አለ። እናቴ ሥራ መሥራት አቃታት። በመጨረሻ ቀበሌ ሄዳ፣ ከተወለድኩበት አንድ ዓመት አስቀድማ አስመዝግባኝ ካርድ አወጣች፤ እኔም የደንብ ልብሴን ለብሼ ከረሂማ እኩል ገባሁ። ደስታዬ ትዝ ይለኛል። የተከፈለበትን ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አክስቴ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ሳቀች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን የሳቋ ነገር፣ ከጀመራት አያቆምላትም። ዓይኗን እየጠረገች ወደኔ ዞረች።

«አየሽ ሃያት፣ ያኔ አርፈሽ ቁጭ ብትዪ ኖሮ ዘንድሮ ትሄጂ ነበር።»

እናቴ ካርዱን ላስተካክል ብትሄድ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል እንዳሏት ተናገረች። ለካ እነዚያን ቀናት ሁሉ በድብቅ ስትሮጥ ነበር። አክስቴ ጉዞውን ለዚያ ልታቆይ አትችልም፤ ለበዓል የሚሸጠውን ዕቃ አሁን ካላመጣች ዓመቱ አለፋት። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ታናሽ ወንድሜ ፉአድ ጥግ ላይ ብዮቹን በቀለም እየለየ ነበር። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ የሚያስመልሰው ልጅ ነው።

«የእሱስ ካርድ ትክክል ነው?» አለች አክስቴ።

ፉአድ ዱባይ የት እንደሆነ አያውቅም። እንደሚሄድ ሲነገረው አለቀሰ፤ ከሰፈሩ ልጆች ጋር የብይ ውድድር ነበረበት። እኔ ደግሞ እሱ ሲያለቅስ እያየሁ አለቀስኩ። ሁለታችንም በአንድ ነገር ነበር የምናለቅሰው፤ እሱ ስለሚሄድ፣ እኔ ስለምቀር። ጫማውን ሳስርለት አንገቱን ላንቀው ደርሼ ነበር። እንደዚያ አድርጌ በሰው ቀንቼ አላውቅም፤ በረሂማም ቢሆን። ረሂማ ቢያንስ መሄዱን ትወደው ነበር።

የሄዱበት ቀን ታክሲው ባዶ ሻንጣዎቹን ጭኖ ወደ ሲኒማ ራስ ሲታጠፍ እኔና ረሂማ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ፉአድ በኋላው መስኮት ያየን ነበር፤ ፊቱ ገርጥቷል። ሌሎቹ ገቡ። እኛ አልገባንም። ረሂማ ካርዴን ካሳየሁበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

«ምንም የለም እኮ» አለችኝ፣ መንገዱን እያየች። «እውነቴን ነው። ወላሂ።»

ምኑ አልኳት። ነገረችኝ። ጠዋት እናቷ ለማንም እንዳትከፍቺ ብላ ዘግታባት ወደ ገበያ ትሄዳለች። መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ቴሌቪዥኑ የማይገባት ቋንቋ ያወራል። ማታ እናቷ በፌስታል ተሸክማ ትመለስና ሻንጣ ማጨቅ ይጀምራሉ፤ የእሷ ሥራ ዚፑ እንዲዘጋ ሻንጣው ላይ መቀመጥ ነው። የማይገባው ልብስ ይለበሳል። ጃኬቶቹም ለዚያ ነበር፤ ዱባይ ሰው የሚጠበስበት አገር ነው፤ እሷ ግን ኪሎ እንዳይበዛ በዚያ ሙቀት ሦስት ጃኬት ለብሳ ወረፋ ትቆማለች። ቻይናም እንደዚያው፤ ቱርክም እንደዚያው። የቱርኩን ባሕር በታክሲ ሲያልፉ ልታይ ነበር፤ ጭኗ ላይ የተቆለለው ዕቃ ከለለባት። ሊፍቱ ብቻ እውነት ነው አለችኝ። እናቷ ከዘጋችባት በኋላም ቢሆን አንዳንድ ቀን ከውስጥ ከፍታ ወጥታ ብቻዋን ወጣ ወረድ ትል ነበር።

እንዳልቀና ብላ ያወራችኝ መሰለኝ። ቢሆንም አልጠቀመኝም። የገረመኝ ነገር ይኸው ነው፤ እሷ እያንዳንዱን ነገር ስታፈርሰው እኔ ፍርስራሹን እየሰበሰብኩ ቀናሁ። በውጭ አገር ክፍል ውስጥ ተዘግቶ መሰልቸት ምን ዓይነት ይሆን ብዬ ቀናሁ። እኔ የተሰላቸሁት ሁሉ ሰባተኛ ውስጥ ነው። ደግሞ እሷም ምንም የለም እያለች ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። ምንም ከሌለ ለምን ታያለሽ ልላት ነበር፤ ተውኩት።

ፉአድ የተመለሰው ሁለት ጃኬት ለብሶ ነው። ምን አየህ ስለው ምንም አለኝ። አውሮፕላን ላይ ከምትሰጠው ትንሽ ዳቦ ጋር ትንሽ ቅቤ አለች፤ እሷን ወዷታል። ሆቴሉ ውስጥ አልጋው ላይ ዘሎ ነበር። ከዚያ ብዮቹን ይዞ ወጣ። ሰው እንዴት ዱባይ ደርሶ ስለ ቅቤ ያወራል? ሳሙና እንኳ አላመጣልኝም።

መስከረም ሲገባ ስድስተኛ ክፍል ጀመርን። የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ከበደ ዓመቱን የሚከፍቱት በአንድ ነገር ነው፤ እያስነሱ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍን ያስነግሩናል። አብዛኛው ሰው ወይ ሱቅ ሲጠብቅ ወይ ገጠር ዘመድ ጋ ነው የሚከርመው። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ የሚጠብቀው የረሂማን ተራ ነበር። በየዓመቱ እሷ ስትነሳ የኋላው ወንበር ሳይቀር ዝም ይላል። ደረጃውን ለመስማት ነው፤ ዘንድሮ ማን አንደኛ ወጣ፣ ማን ወደቀ።

ተራዋ ደረሰና ተነሳች። ቲቸር ከበደ ፈገግ ብለው፣ እንግዲህ ተጓዣችን ዘንድሮስ የት ደርሰሽ መጣሽ አሏት። ረሂማ የደንብ ልብሷን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። ጆሮዋ ሲቀላ ከጎኗ ሆኜ አየሁ። ክረምቱን በሙሉ እናቷ ሱቅ ውስጥ ጫማ ስታገናኝ ነው የከረመችው። ከግቢያችን እዚያ ክፍል የምንማረው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አፌን ብከፍት አለቀላት።

«ዘንድሮ ከሃያት ጋር ነው የሄድነው» አለች በመጨረሻ። «እሷ ትንገራችሁ።»

ብላ ቁጭ አለች። ራሷን ለማዳን ይሁን እኔን ለማዋረድ እስከ ዛሬ አላውቅም። ክፍሉ ወደኔ ዞረ። ተነሳሁ። ምላሴ አልተያዘም። እነዚያን አገሮች ከማንም በላይ አውቃቸው ነበር። ስንት ዓመት ስቀናባቸው የኖርኩ ነኝ።

ሊፍቱን ነገርኳቸው፤ ጆሮ እንዴት እንደሚደፈን፣ ሲወርድ ሆድ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚቀር። ዱባይ ከውጭ እሳት ከውስጥ በረዶ መሆኗን ነገርኳቸው። ከዚያ ቱርክን አመጣኋት፤ ድመቶቹን፣ ሰሊጡን፣ ከዚያ ባሕሩን። ባሕር ሰማያዊ ነው አልኳቸው፤ ግን እንደ ሥዕል ዝም ብሎ የተኛ አይደለም። ነፋስ ሲገባበት አንዱ ዳር ይነሳል፤ ሌላው ይከተለዋል። ከሥሩ ሆኖ አንድ ሰው በዱላ የሚገፋው ይመስል አብጦ አብጦ፣ ከዚያ በአንድ ጎን ይፈስሳል፤ ሲፈስ ድምፅ አለው። ፀሐይ ስትወጣ ከላዩ ላይ ዓይን አያስገልጥም። ሌላ ሌላም አልኩ። ቲቸር ከበደ መነጽራቸውን አውልቀው ያዳምጡኝ ነበር። አንዱ ልጅ ታዲያ አንደኛ የወጣችው ማናት አለኝ። ቱርክ አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ረሂማ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።

ወደ ቤት ስንሄድ ቀድማኝ ነበር የምትራመደው። ሲኒማ ራስ ጋ ስንደርስ፣ ሰዉ ታክሲ ለመያዝ በሚጋፋበት መሀል፣ ድንገት ቆመች።

«ባሕሩን እኔ እንደዚያ አልነገርኩሽም» አለችኝ። «አንቺ የት አየሽው?»

ያችው ጥያቄ ናት። የሚስቅ ሰው ግን አልነበረም። ነይ አልኳት። ወደ ግቢያችን ሳንገባ ፊት ለፊት ወዳለው ሕንፃ ወሰድኳት። ጥበቃው ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። በኋላው ደረጃ ወጣን፤ እሷ ሊፍት እያለ ለምን በእግር አለች፤ ዝም በይ ተከተይኝ አልኳት። ላይኛው ፎቅ ስንደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ወደ መከለያው ብረት አስጠጋኋት።

ከሰዓት በፊት ዘንቦ ነበር። ሸራዎቹ ከሥራችን ጀምረው እስከ ታች ድረስ ተዘርግተዋል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፣ መሬቱ አይታይም። ነፋሱ በአንዱ ጫፍ ገባና ተራ በተራ አነሳቸው። መሀላቸው ላይ ዝናቡ ተጠራቅሞ ሸራው ወደ ታች ረግቧል። አንድ ነጋዴ ከሥር ሆኖ በዱላ ሲገፋው አበጠ፣ አበጠና በጎን ተዘረገፈ። ድምፁ እኛ ጋ ደረሰ። ከዚያ ሌላው ገፋ፤ ከዚያ ሌላው። ፀሐይዋ ከደመናው ወጣች፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፈንን።

ረሂማ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ጎንበስ አለች።

«ይህን ሁልጊዜ ታዪ ነበር?» አለችኝ። «እኔ ሆቴል ተዘግቶብኝ?»

ድምፁን አወቅሁት። ምራቅ ከተዋጠ በኋላ የሚወጣ፣ ግድ የሌለው ለመምሰል የሚሞክር ድምፅ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከኔ አፍ ብቻ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።